የበዛወርቅ ቀጠሮ

ቅጣው ለቅሶ ሊደርስ መጣ። ብቻውን ቢመጣ ሰው በዝምታ ያሳልፈው ነበር፤ እሱ ግን መምሬ ወሰኔንና ሁለት ሽማግሌዎችን አስቀድሞ፣ ራሱ ከኋላ ከኋላ እያለ ነው ወደ ግቢው የዘለቀው። ዳሱ ሥር ተቀምጠው ንፍሮ ይቅሙ የነበሩ ሰዎች እጃቸውን ሰበሰቡ። ማንጠግቦሽ የምትባለው ጎረቤት ቶሎ ብላ ወደ ውስጥ ገባችና መደቡ ላይ የተቀመጠችውን ሐዘንተኛ ጠጋ ብላ፣ «መጥቷል» አለቻት።

«ማን?» አለች ለተሥላሴ።

«ሐኪሙ ነዋ። የከሰሳችሁት።»

ለተሥላሴ ቀና አላለችም። አንድ ልጇን በዛወርቅን የቀበረችው ትናንት ነው። ዓይኗ ደርቋል፤ ጀርባዋ ግን አላስቀምጥ ብሏታል። ሦስት ዓመት የተሸከመው ሸክም በአንድ ቀን ሲወርድለት ግራ የገባው ይመስል አንዴ ጎበጥ፣ አንዴ ለጠጥ ይላል።

በመንዝ ለሕፃን እንዲህ ሰው አይሰበሰብም። ጎረቤት ይመጣል፣ «እግዜር በሌላ ይካስሽ» ይባላል፣ ሰው ወደ ሥራው ይመለሳል። የዛሬው ሕዝብ ግማሹ ለሐዘኑ፣ ግማሹ ለነገሩ የመጣ ነው። ዱባለና ሚስቱ ለተሥላሴ ሐኪም ከሰሱ መባሉ ከመሬት ክርክር ሌላ ክርክር ለማያውቅ አገር ትልቅ ወሬ ነበር። እንግዲህ ልጅቱ ስትሞት ክሱ ምን ሊሆን ነው? ይህን ሳይሰማ ማን ወደ ቤቱ ይሄዳል?

ቅጣው ጎንበስ ብሎ ገባ። ድሮ ጦር ሠራዊት ውስጥ ድሬሰር ነበር፤ ዛሬ በዘመሮ ገበያ ጀርባ ሁለት ክፍል ተከራይቶ መርፌ ይወጋል፣ ቁስል ያጥባል፤ አገሩ ሁሉ «ሐኪም» ይለዋል። ክፉ ሰው አይደለም። ቆላ ወርዶ ንዳድ ይዞት የመጣውን ስንቱን አድኗል፤ የሚከፍለው ለሌለው ሰው ይታገሣል። ነገሩን ከባድ ያደረገውም ይኸው ደግነቱ ነው። ክፉ ቢሆን ኖሮ አገሩ ከለተሥላሴ ጋር ይቆም ነበር።

መምሬ ወሰኔ ጸሎት አድርሰው ከተቀመጡ በኋላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ዱባለ፣ ልጄ» አሉ ወደ ባልየው ዞረው፤ «የነገው ቀጠሮ እንዴት ሊሆን ነው?»

«አላሰብኩበትም አባቴ።»

«ልጅቱ በእግዜር እጅ ናት። ነገሩም አብሯት ይረፍ። ሐኪሙ ባላጋራ ሳለ፣ ሳይጠራ፣ እግሩን አንሥቶ መጥቷል። ይህ ቀላል አይደለም።»

ቅጣው ከመቀመጫው ተነሥቶ እጅ ነሣ። «እኔ የማውቀው በደል የለብኝም» አለ መሬት መሬት እያየ። «ሳላውቅ በድያችሁ እንደሆነ ግን ስለ እመቤታችን ይቅር በሉኝ።»

በአገሩ ወግ ባላጋራ ለቅሶ ደርሶ ከሐዘንተኛው እጅ ንፍሮ ተቀብሎ ከቀመሰ ጠቡ አለቀ ማለት ነው። ፊርማ አያሻውም፣ ዋስ አያሻውም። ከዚያ ወዲያ ፍርድ ቤት የሚቆም ሰው ምስክር ቀርቶ ሰላምታ የሚሰጠው አያገኝም። ማንጠግቦሽም ይህን ስለምታውቅ እንቅቡን አምጥታ ለተሥላሴ ጉልበት ላይ አስቀመጠችው።

ለተሥላሴ ከስንዴውና ከባቄላው አንድ እፍኝ አነሣች። ሰው ሁሉ እጇን ያያል። ቅጣው ሁለት እጁን አጋጥሞ ጠጋ አለ።

«ይቅር እልዎታለሁ» አለች። ድምፅዋ ሻክሯል። «ግን ምኑን ነው ይቅር የምለው? ይንገሩኝ።»

«ሳላውቅ የበደልኩ እንደሆነ አልኩ እኮ።»

«ያውቃሉ እንጂ። ያን ቀን ያደረጉትን አንድ ጊዜ እዚህ ሰው ፊት ይናገሩና ይችን እፍኝ ይቅመሱ። ሌላ የምጠይቅዎ የለኝም። ካሣም ይቅርብኝ።»

ቅጣው ቀና ብሎ ሽማግሌዎቹን አየ፤ ቀጥሎ በሩ ላይ የተኮለኮለውን ሰው አየ። ነገ ታሞ ደጁ የሚመጣው ይኸው ሰው ነው። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ለተሥላሴም ሊናገር ነው ብላ እጇን ዘርጋ አደረገች።

«ሁለት ቀን በቤትሽ አምጠሽ ነው እኔ ዘንድ ያመጡሽ» አለ በመጨረሻ። «ልጅቱ ስትወለድም እንዲያ ነበረች። የእግዜር ሥራ ነው። እኔ ምን ላድርግ?»

ለተሥላሴ እፍኟን ወደ እንቅቡ መለሰችው። ጥቂት ባቄላ ከእጇ አምልጦ መሬት ላይ ተንከባለለ፤ ያነሣው ሰው የለም። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፣ መምሬ ወሰኔ መስቀላቸውን ወደ ጉያቸው መለሱና ተነሡ። ዱባለ እስከ ግቢው በር ሸኛቸው፤ እዚያም ቆመው ረጅም ጊዜ ሲነጋገሩ ታዩ።

ተመልሶ ሲገባ ፊቱ ጠቁሯል።

«ሽማግሌ አዋረድሽ» አላት።

«እኔ ማንንም አላዋረድኩም። ጠየቅኩት።»

«ለመምሬ ወሰኔ ነገ አልቀርብም ብዬ ቃሌን ሰጥቻለሁ። ዳኛው ልጅቱን ይይ ብሎ ያዘዘው የመንግሥት ሐኪም ምኗን ሊያይ ነው? መቃብር አስቆፍረን ልናሳየው ነው? አለቀ በቃ።»

«ለአንተ ያልቃል» አለች ለተሥላሴ። «ለእኔ አያልቅም። ሰው ምን እንደሚል ታውቃለህ። ነፍሰ ጡር ሆና በጊዮርጊስ ዕለት ፈጭታ ነው ይላሉ። ጊዮርጊስ የልጇን እጅ አድርቆባት ነው ይላሉ። ዛሬ እንኳ ሊያስተዛዝኑኝ የመጡት ውጭ ተቀምጠው የሚያወሩት ይህንን ነው፤ ሰምቻቸዋለሁ። ነገ ተጠርተን ካልቀረብን መዝገቡ ይዘጋል። ቅጣው ነፃ መውጣቱ አይደለም የሚያቃጥለኝ። ጥፋቱ የእኔ ሆኖ መቅረቱ ነው።»

ዱባለ በርኖሱን ደርቦ ከብት ሊያስገባ ወጣ።

ክሱን የጀመረው እሱ ራሱ ነበር። ዱባለ ሙግት የሚፈራ ሰው አይደለም፤ የአያቱን ርስት ከዘመዶቹ ተከራክሮ ያስመለሰ፣ ዳኛ ፊት ቆሞ ሲናገር መንገደኛ ሳይቀር ሥራ ፈትቶ የሚሰማው ነው። በዛወርቅ ዓመት ሞልቷት አንገቷ አልቆም ሲል፣ ቀኝ እጇም እንደ ተንጠለጠለ ሲቀር፣ መሐል ሜዳ ከተማ ወጥቶ ፍርድ ቤቱ ደጅ አቤቱታ የሚጽፈውን ሀብተ ማርያምን አማከረ። አዲሱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከወጣ ገና ጥቂት ዓመት ነበርና ሀብተ ማርያም ሕጉን በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞት ይዞራል፤ ለጠየቀው ሁሉ ለመተንተን አይሰንፍም።

«ልጅህ መጎዳቷን ማስረዳት ምንም አይደል፤ ዳኛው በዓይኑ ያያታል» አለው። «ሐኪሙ አጥፍቷል ማለት ግን ከባድ ነው። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ ጉዳቱ የመጣው ከጥፋቱ ነው ብሎ ማገናኘቱ ነው። እሱ ‹ስትወለድም እንዲያ ነበረች› ይልሃል፤ አንተ ያንን ማፍረስ አለብህ። ሁለት ዓመት ካለፈው ደግሞ የሚሰማህ የለም፣ ፍጠን። ከሳሹም አንተ እንዳይመስልህ፤ ከሳሿ እሷ ናት። አንተና እናቷ ሞግዚቶቿ ናችሁ፤ ስሟ ሲጠራ አቤት የምትሉላት እናንተ ናችሁ።»

ዱባለ ከዚህ ሁሉ ልቡ ውስጥ የቀረው «ስትወለድም እንዲያ ነበረች» የሚለው ብቻ ነው። ይህን ለማፍረስ የሚያውቀው መንገድ ርስት የሚያስመልሱበት መንገድ ነው። በቀጠሮው ዕለት በእሱም በሚስቱም ወገን ትውልድ የሚቆጥሩ አዛውንቶችን በበቅሎ እያስጫነ መሐል ሜዳ ገባ። አዛውንቶቹ ተራ በተራ እየቆሙ፣ አገሩን ካቀናው አያት ጀምረው ልጅ፣ የልጅ ልጅ እያሉ ወረዱና በዚህ ዘር ሽባ ወይም እጁ የሰለለ ተወልዶ እንደማያውቅ በመሐላ መሰከሩ። አንዱ እንዲያውም መንገዳቸውን ስተው ከሐኪሙ ወገን ጋር የሚያገናኝ ዝምድና አገኙና ችሎቱ ፊት ሐኪሙን ዘመዳቸው አደረጉት። ዳኛው ብዕሩን አስቀመጠ።

«አቶ ዱባለ፣ ይህ የርስት ክርክር ነው?» አለ። ችሎቱ ሳቀ። «ልጅቱ ስትወለድ ያየ ሰው አምጣልኝ።»

ከዚያ ሳቅ በኋላ ዱባለ የቀድሞው ሰው አልሆነም። ገበያ ውስጥ «ዱባለ፣ ዛሬስ ስንት ትውልድ ቆጠርክ?» የሚሉት አልጠፉም።

ያየ ሰው ግን ነበር። የዱባለ እናት ወይዘሮ ሸዋአለም ከምጧ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ከምራታቸው አልተለዩም። ያን ዕለትም ከችሎቱ ውጭ ባሕር ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነበር፤ ይግቡና ይመስክሩ ሲባሉ አልገባም አሉ። አላየሁም እንኳ አላሉም። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ዝም አሉ። ለተሥላሴ ምራት ናትና ምንም አልተናገረቻቸውም፤ ከዚያ ወዲህ ግን ውኃ ስታቀብላቸው ፊታቸውን አታይም ነበር።

ዳኛው ነገሩን በሌላ ቀን ቀጠረው። የመንግሥት ሐኪም ከደብረ ብርሃን መጥቶ ልጅቱን ያያታል፣ ልጅቱ ትቅረብ ሲል አዘዘ። ለተሥላሴ ያን ቀን እንደ ሠርግ ቀን ጠበቀችው። ከቀጠሮው በፊት ግን ብርዱ በረታ፣ በዛወርቅ ሳል ያዛት፣ ቀጠሮው ሊደርስ ሲል በእናቷ ጭን ላይ አረፈች። ለቀብር የመጣው ሀብተ ማርያም፣ «ልጅቱ ብትሞት ነገሩ አልሞተም» ብሏታል። «ግን ሐኪሙ የሚያየው ካጣ ያየ ሰው የግድ ነው። አቤት የሚል ከጠፋ ደግሞ ሁሉም ከንቱ ነው።»

በዚያ ሁሉ ምልልስ ለተሥላሴ የወደደችው ነገር ቢኖር የችሎቱን ተጣሪ ድምፅ ነው። በመንደሩ በዛወርቅን በስሟ የሚጠራት አልነበረም። «ያቺ እንዴት አደረች?» ይላሉ፤ ደጎቹ «ምስኪኗ» ይላሉ። ተጣሪው ግን በረንዳው ላይ ቆሞ፣ አገር እየሰማ፣ «ከሳሽ በዛወርቅ ዱባለ» ብሎ ይጣራል። ዱባለ አቤት ይላል። ለተሥላሴም ልጇን እንዳዘለች ብድግ ትላለች፤ ስትነሣም የልጅቱ ራስ እንዳይወድቅ ቀኝ እጇን ወደ ኋላ ሰዳ ማጅራቷን ትደግፋለች። ልጅቱ አንድ ቃል ሳትናገር ነው የኖረችው፤ ተጣሪው ሲጣራ ግን ዓይኗን ወደ ድምፁ ትመልስ ነበር። ይህን ያስተዋለችው እናቷ ብቻ ናት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ለቅሶኛው ሳሳ። ከብት የሚያስገባው ከብቱን፣ እሳት የምታያይዘው እሳቷን ብሎ ሄደ። ቤቱ ውስጥ ምራትና አማት ብቻ ቀሩ። ወይዘሮ ሸዋአለም መሬት የወደቀውን ባቄላ አንድ አንድ እያሉ ሲለቅሙ ቆዩና፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ጀርባቸውን እንደ ሰጡ ተናገሩ።

«የግንዘቱን ወግ ታውቂዋለሽ። ሁለቱን አውራ ጣት ገጥሞ በፈትል ማሰር ነው። ስንት ሰው ገንዣለሁ። የሷ ግን አልደረሰልኝም።»

ለተሥላሴ ቀና አለች።

«ግራ እጇን ሳመጣው ቀኙ አጥሮ ይቀራል። ሳብ ላደርገው አልኩና እንዳያማት ፈራሁ።» ባቄላውን በእጃቸው ጨበጡ። «በድን ነው እኮ። እንዳያማት ፈራሁ። ፈትሉን አስረዝሜ አሰርኩላት።»

ለተሥላሴ ከትናንት ወዲህ ያልመጣላት እንባ መጣ። አልጮኸችም፤ ፊቷን ሸፍና ብዙ አለቀሰች። አሮጊቷም መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ።

«ለምንድን ነው ያን ቀን ያልገቡት፣ እሜቴ?» አለች ሲወጣላት።

«ያ ሁሉ ወንድ ተሰብስቦ፣ የልጄ ሚስት እንዲህ ተኝታ፣ እግሯ እንዲህ ሆኖ ብዬ ላውራ? የሴት ምጥ እንዴት በሸንጎ ይወራል? ከዚያ ወዲያ ገበያ ስትወጪ ሰው በምን ዓይን ያይሻል?»

«እኔን መቼ ጠየቁኝ?»

ወይዘሮ ሸዋአለም አሰቡት። «አልጠየቅኩሽም» አሉ። «አንቺም አልነገርሽኝ።»

እውነት ነው። ለተሥላሴ አሮጊቷ ሲታመሙ ቅጣው መርፌ እንዳይነፍጋቸው ፈርተው ነው ብላ ነበር፤ አሮጊቷ ምራታቸው ታፍራለች ብለው ነበር። በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ፣ አንዲት ልጅ እየተቀባበሉ፣ ሁለቱም ይህን አልተባባሉም።

«ይንገሩኝ» አለች ለተሥላሴ። «እኔ ቁርጥራጩን እንጂ ሁሉን አላስታውሰውም።»

ወይዘሮ ሸዋአለም ነገሯት። በቃሬዛ ተሸክመዋት ዘመሮ ሲደርሱ የገበያ ቀን ነበር፤ ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄድ ጭነት መኪና ሞተሩን አስነሥቶ ቆሞ ነበር። አሮጊቷ ሐኪሙን፣ ካልቻልከው መኪናው ሳይሄድ እንጫናት ብለውታል። እሱ እጁን እየታጠበ፣ ለደብረ ብርሃን አሳልፌ ሰጥቼ ስሜን አላስጠፋም ብሎ መለሰላቸው። መኪናው ሄደ። ወደ ማታ የልጅቱ ራስ ወጣና ትከሻዋ ተቀረቀረ። ሐኪሙ ደነገጠ፤ ላቡ ይንጠባጠብ ነበር። አንድ እግሩን ከአልጋው ጠርዝ ተክሎ ልጅቱን ጎተታት። አሮጊቷ ቋ የሚል ነገር ሰሙ። ልጅቱ ስትወጣ ሰማያዊ ነበረች፤ ብዙ ቆይታ ነው ያለቀሰች።

«ከዚያ እኔን አየና ‹እማማ፣ ስትወለድም እንዲህ ነበረች› አለኝ» አሉ። «ገና ሳልጠይቀው። ዛሬም ያንኑ ሲል ሰማሁት፣ እዚሁ ቤታችን፣ በለቅሶዋ።»

«ነገ ይናገሩት እሜቴ» አለች ለተሥላሴ። «እግሬንም ጭኔንም ይናገሩት። እኔ አላፍርም።»

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ሁለቱ ሴቶች ነጠላቸውን አጥብቀው ወጡ። ሣልስት ነው፤ በሣልስት ሐዘንተኛ ከቤት አይወጣም። ማንጠግቦሽ ለለቅሶኛው ንፍሮ ልትቀቅል ማልዳ መጥታ ነበርና ግቢው በር ላይ አገኘቻቸው። ዐይታ ገባት።

«የመጣ ሰው ሲጠይቅ ምን ልበል?»

«መሐል ሜዳ ሄደች በይ» አሏት ወይዘሮ ሸዋአለም። «ምን ይደበቃል?»

ዱባለ በረቱ አጠገብ በቅሎዋን ጭኖ ቆሟል። ሁለቱም እሱን ሲያዩ ቆሙ።

«እኔ አልቀርብም ብዬ ቃሌን ሰጥቻለሁ፤ ቃሌንም አላፈርስም» አለ የበቅሎዋን ልጓም እያስተካከለ። «ስለ እናንተ ግን መምሬ ወሰኔ የጠየቁኝ ነገር የለም።»

ሙግተኛ ሁሌም ሙግተኛ ነው። በርኖሱን አውልቆ ለእናቱ ደረበላቸው፣ አንሥቶ በቅሎዋ ላይ አስቀመጣቸውና ለቅሶኛ ሊቀበል ወደ ዳሱ ተመለሰ። ለተሥላሴ ሲሄድ ከኋላው አየችው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለእሱም አዘነች፤ ልጅቱ የእሱም ነበረች።

ጉሙ ሳይገፈፍ ብዙ መንገድ ሄዱ። አቀበቱ ላይ ለተሥላሴ በልማዷ ወደ ፊት አጎነበሰች፤ ቀና ማለት እንደምትችል ትዝ ሲላት ቀና አለች፣ ጥቂት እንደ ሄደች ደግሞ አጎነበሰች። አሮጊቷ በቅሎ ላይ ሆነው ያዩዋታል፤ የሚናገሩትን ቃል ከንፈራቸው ውስጥ እየደጋገሙ ይጓዛሉ።

ፍርድ ቤቱ ግቢ ሲደርሱ ችሎት ተሰይሟል። ሀብተ ማርያም ሮጦ በቅሎዋን ያዘላቸው። ከደብረ ብርሃን የመጣው ሐኪም ቦርሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። ቅጣውም አለ። የነገሩን መዘጋት ሊያይ የመጣ እንጂ ለሙግት የመጣ አይመስልም፤ ከሰዎች ጋር ቆሞ ያወራል። በርኖስ የለበሱትን አሮጊት ሲያይ ወሬውን አቋረጠ።

ለተሥላሴ ባሕር ዛፉ ሥር ተቀመጠች። ደክሟታል። ደግሞም ፈርታለች፤ ልጇን ያልያዘች እናት ዳኛ ፊት ምን ይዛ እንደምትቀርብ አልታያትም። ሌሎች ተጠሩ፣ ገቡ፣ ወጡ።

ተጣሪው በረንዳው ላይ ብቅ አለ።

«ከሳሽ በዛወርቅ ዱባለ።»

ግቢው ውስጥ ያለ ሰው ወዲያ ወዲህ ተያየ። ተጣሪው የሰማው የለም ብሎ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ከሳሽ በዛወርቅ ዱባለ፣ አለሽ?»

«አቤት» አለች ለተሥላሴ።

ብድግ ስትል ቀኝ እጇ እንደ ልማዱ ወደ ኋላ ሄዶ ጀርባዋ ላይ የሌለውን ራስ ደገፈ። ወይዘሮ ሸዋአለም አዩ። ፈጠን ብለው ከኋላዋ ቆሙና ያንን እጅ ያዙት፤ እንደ ያዙትም አብረዋት ወደ ችሎቱ ገቡ።